ጆሮ ላለው ሁሉ የቀረበ ስሞታ

ዕቃ ሠሪዎች የሰው ልጅ ጣት እንዳለው ከረሱ ሰነበቱ። ድሮ ሬድዮ ሲገዛ ጎኑ ላይ የሚዞር መዘውር፣ ፊቱ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ፣ አናቱ ላይ የሚሳብ አንቴና ነበረው። ቴፑም በተርታ የተሰደሩ፣ ሲጫኗቸው «ቀጭ» ብለው መልስ የሚሰጡ ቁልፎች ነበሩት፤ የትኛው ማጫወቻ፣ የትኛው ማጠንጠኛ እንደሆነ እጅ በሳምንቱ ይለምደዋል። ዛሬ ስልኩም ልሙጥ፣ ቴሌቪዥኑም ልሙጥ፣ የከተማ ዘመዶቼ እንደሚሉት ምድጃው ሳይቀር ልሙጥ መስታወት ሆኗል። ጫፉን ብዳስሰው ልሙጥ፣ መሐሉን ብዳስሰው ልሙጥ። ጥቂት ሳሻሸው ከውስጡ አንድ ሰው «ሃሎ! ማን ልበል?» ይለኛል። የልጅ ልጄ ሮጣ መጥታ ታየውና «አባባ፣ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ነው እኮ የደወሉት!» ትላለች። ከሰውየው ጋር ደግሞ በድንበር ጉዳይ ከተኳረፍን ቆይተናል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምኖረው ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ደብረ ማርቆስ ደርሶ መመለስ ቀን በሚፈጅበት ቀበሌ ነው። ዓይኔን የወሰደው ትራኮማ ነው። በልጅነት ይይዛል፣ ይተዋል፣ ተመልሶ ይይዛል፤ በተመላለሰ ቁጥር የዓይን ቆቡን ከውስጥ ያጠብሰዋል፤ የተጠበሰው ቆብ ይሸበሸብና ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያዞረዋል። ከዚያ በኋላ ሰው በራሱ ፀጉር ዓይኑን ሲፍቅ ይኖራል። ባለቤቴ ለዓመታት በወረንጦ ነቅላልኛለች፤ ፀጉር ግን መልሶ ይበቅላል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አስታውቆ ነበር። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ፣ ከአሥር ከአንዱ ጥቂት የሚበልጠውን ደግሞ ትራኮማ ነው። ሞራ ቢሆንልኝ ይገፈፍልኝ ነበር። ጠባሳ ግን አይገፈፍም።

ይህን ያወራሁት እንዲታዘንልኝ አይደለም። ያዘነልኝ ሰው በዝቷል። የሚያዝንልኝ ሁሉ ደግሞ ዕቃ ይገዛልኛል፤ ስሞታዬም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ልጄ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚሉት ከተማ ይኖራል። መጀመሪያ የላከልኝ የሚናገር ሰዓት ነው። ቁልፉን ስጫነው አንዲት ሴት ፈጠን ብላ «ኢት ኢዝ ሰቨን ፎርቲ ፋይቭ ኤ ኤም» ትላለች። እኔ ግን ቡና ጠጥቼ የተቀመጥሁት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። እንግዲህ ሰዓት ባማረኝ ቁጥር ስድስት መቀነስ ሊኖርብኝ ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ ተነሥቶ መቀነስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያልሞከረው አያውቀውም፤ ሒሳቡን ስጨርስ እንቅልፌም አብሮ ያልቃል። ቀን ስጠይቃት የባሰ ነው። መስከረም 1 ቀን መንደሩ በአበባዮሽ ሲናጥ እሷ «ሴፕቴምበር ኢለቨን» ብላ፣ ዓመቱንም ሰባት ጨምራ ትነግረኛለች። ማንቂያው ደግሞ የዶሮ ጩኸት ነው። ሠሪው ቀልድ ያውቃል ማለት ነው። የእኛ አውራ ዶሮ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ከአልጋዬ ሥር ሌላ አውራ የገባ መስሎት በሩን ሲደበድብ አደረ።

ሁለተኛው ስጦታ ስሟን ጠርተው የሚያዝዟት ድምፅ ማጉያ ነበረች። «ዘፈን ክፈቺ በላት፣ ትከፍታለች፤ ዜና በላት፣ ታነባለች» አለኝ ልጄ። አንደኛ፣ ኢንተርኔት ካልበላች አትንቀሳቀስም። ሁለተኛ፣ አማርኛ አትሰማም። አርባ ዓመት ያስተማርሁበትን አንደበቴን ሰብስቤ በእንግሊዝኛ ብለምናት «ሶሪ» ትላለች። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስሟን ደጋግሜ ስጠራ ባለቤቴ ከማድ ቤት ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ የምታባብላት ሴት ማን ናት?»

ነገሩን አስረዳኋት። ጥቂት አዳምጣ «ካልሰማችህ ምን ያስለምንሃል?» አለችኝና ዕቃዋን በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለቻት። እስካሁን እዚያው ናት።

አሜሪካኖቹ ግን ለራሳቸው ሰው እንዲህ አይቀልዱም። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍታቸው በእነሱ አቆጣጠር ከ1931 ጀምሮ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ ያበድራል። በድምፅ የተነበበውን መጽሐፍ ከነማጫወቻው በፖስታ እቤት ድረስ ይልካል፤ ተበዳሪው ለቴምብር እንኳ አይከፍልም። ማጫወቻው ቅርፃቸው የተለያየ ትልልቅ ቁልፎች አሉት አሉ፤ በእጅ ይለያሉ። «እሱን አትልክልኝም ነበር?» ብለው ልጄን፣ «አባዬ፣ ለአገሩ ሰው ብቻ ነው» አለኝ። ለእኔ የመጣችው የተቆለፈ ጆሮ ያላት ሴትዮ ናት።

እኛም እኮ ነበረን። የኢትዮጵያ ሬድዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ብሎ መጽሐፍ ሲያስተርክ ማን ነበር ዓይን ያለው፣ ማን ነበር የሌለው? ሁሉም ጆሮ ብቻ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ገዝተው ያነበቡት ማንበብ የሚችሉት ናቸው፤ ለቀረው አገር በሬድዮ ያነበበለት ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የኛው አገር ሰው፣ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ ናቸውና እዚህ መንደር ሰው ሬድዮ ከብቦ ሲያዳምጥ የዘመዱን ጉዳይ እንደሚሰማ ነበር። እኔ መጽሐፉን ዓይኔ ደህና ሳለ አንብቤዋለሁ፤ አስተምሬዋለሁም። ፊታውራሪ መሸሻን በትክክል ያወቅኋቸው ግን ወጋየሁ ሲናገርላቸው ነው። ጉዱ ካሣም እስከ ዛሬ በጆሮዬ ያለው በእሱ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የተባለው ድራማ በ257 ክፍል ተላልፏል፤ ሰው ማሳ ውስጥ ሆኖ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ይከራከር ነበር። የሬድዮ ድራማ ደግ ነው፤ በር ሲከፈት በሩ ሲጥ ይላል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይሰማል፣ ሰው ሲሞት ይነገርሃል።

ቴሌቪዥን ውስጥ ሰው ሲሞት አይነገርህም። መብራት ሲኖር ነው የማወራው። እኛ ዘንድ ምሰሶ ሁልጊዜ አለ፤ መብራቱ ደግሞ በፈቀደው ቀን ይመጣል። የመጣ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ሳሎን ይሰበሰባል፣ እኔም እሰበሰባለሁ፤ አለበለዚያ «አባባ አኩርፈዋል» ይባላል። ጋዜጠኛው «በምስሉ ላይ እንደምትመለከቱት» ይላል። አልመለከትም። ማስታወቂያው «ከታች በሚታየው ስልክ ቁጥር ይደውሉ» ይላል። አይታየኝም፤ ምናልባትም ለበጎ ነው። ኳስ ሲተላለፍ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ተንታኝ «ኦ! ኦ! እንዴት ያለ ነገር ነው!» ብሎ ዝም ይላል። ምን ነገር? ገባ? ወጣ? ሰው ተሰበረ? የሬድዮው ሰው እኮ ኳሷ በቀኝ መስመር መሄዷን፣ ማን እንዳሳለፋት፣ ማን እንዳሻማት፣ ማን በጭንቅላቱ እንደሳታት ሳይተነፍስ ይነግርሃል። ለሁለቱም ደመወዝ ይከፈላል።

የአገራችን የቴሌቪዥን ድራማማ ሌላ ፈተና ነው። ሰዎቹ ሁለት ቃል ይነጋገሩና ሙዚቃ ይገባል። ሙዚቃው ይረዝማል። «አሁን ምን ሆነ?» እላለሁ። «ምንም፤ ይተያያሉ» ትላለች የልጅ ልጄ። ጥቂት ቆይቼ «አሁንስ?» እላለሁ። «አሁንም ይተያያሉ፤ እሷ ግን አለቀሰች።» እንግዲህ ስታለቅስ ድምፅ ብታወጣ ምን ነበረበት? በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ስታለቅስ ሦስት ጎጥ ይሰማ ነበር።

እውነቱን ልናገር ካልሁ፣ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ የቱርኩን ተከታታይ ፊልም ሁሉ አማርኛ ሲያናግረው እኔን የመሰለ ሰው ተጠቅሟል። ከታች በጽሑፍ ቢተረጎም ለእኔ ቱርክኛ ሆኖ ይቀር ነበር። አገሩ በሙሉ «ባህል ተበላሸ» ሲል እኔ ዝም ያልሁት ለዚህ ነው። ችግሩ፣ በትርጉም ድራማ ዓለም ብዙ ፊት ጥቂት ድምፅ ነው ያለው። ዓይን ያለው ሰው በፊት ስለሚለይ አይታወቀውም። እኔ ግን ሰኞ ዕለት በጥይት ተመትቶ የሞተውን ሰውዬ ማክሰኞ በሌላ ድራማ ሙሽራ ሆኖ እሰማዋለሁ። እሱን ተው ብዬ ብረሳው፣ ረቡዕ ደግሞ የሙሽራዋ አባት ሆኖ ይመጣል።

ዲሹስ ቢሆን? የእኛ ጣቢያዎች ከናይልሳት ሳተላይት ወደ ኢትዮሳት የዞሩ ጊዜ አንድ ልጅ ጣራ ላይ ወጥቶ ሳህኑን አዞረው፣ ታች ወርዶ ሪሲቨሩን «ሰርች» አደረገው፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እኔ እያንዳንዱን ጣቢያ በቁጥሩ በቃሌ ይዤው ነበር። በማግሥቱ ተኝቼ ስነሣ የዜናው ቦታ ላይ የኩሽና ማስታወቂያ፣ የመዝሙሩ ቦታ ላይ ቦክስ ተቀምጧል። ለማስተካከል «ሜኑ ውስጥ ይግቡ» አሉኝ። ሜኑ የሚባለው ነገር መስታወቱ ላይ ብቻ የሚታይ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ አልገባሁም።

ስለ ሚሞሪም ልናገር። ገበያ ውስጥ የሚጭኑ ልጆች አሉ፤ ጥፍር የምታህል ነገር ትሰጣቸዋለህ፣ የፈለግኸውን ይጭኑልሃል። እኔ ስብከትና የጥንት ዘፈን ለየብቻ አዘዝሁ። ልጁ «እሺ መምህር» አለና ቀላቅሎ ሰጠኝ። በሚሞሪ መጫወቻዋ ላይ ደግሞ አንዱ ቁልፍ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጫን ሲያደርጉት ድምፅ ይጨምራል፣ ነካ ሲያደርጉት ዘፈን ይዘላል፤ ወይም ተገላቢጦሽ፤ ዛሬም አልለየሁትም። የንስሐ አባታችን ለጠበል ቤት መጥተው ሳለ ስለ ጾም የተሰበከ ጥሩ ስብከት ከፈትሁላቸው። አባታችን «እሰይ! እሰይ!» እያሉ ሲያዳምጡ ስብከቱ አለቀና እስክስታ ቀጠለ። ላጠፋው ብነካው ጨመረ። ደግሜ ብነካው ወደ ሌላ፣ ወደ ባሰ ዘፈን ዘለለ። በመጨረሻ ባትሪዋን ነቀልሁ። አባታችን ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «የመጀመሪያው ጥሩ ነበር» አሉ።

ይቺው መጫወቻ ሌሊት አንዳች ነገር ሲነካት «ብሉቱዝ ሞድ!» ብላ ትጮኻለች። ብሉቱዝ የከፈተ በቤቱ የለም። ማንን እንደምትጠራ እግዚአብሔር ይወቀው።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ እየጻፈች «አባባ፣ ስልኩን ግን አይውቀሱ፤ ይናገራል እኮ» አለችኝ። እውነት ነው፣ ይናገራል። ቶክባክ የሚሉት ነገር ስልኩ ውስጥ አለ። ሲከፈት ጣት ያረፈበትን ሁሉ ያነባል፤ አንዴ ሲነኩት ይናገራል፣ ሁለቴ ሲመቱት ይከፍታል። ሐሳቡን ማን እንዳፈለቀው ባላውቅም እመርቀዋለሁ። የከፈተችልኝ ዕለት ግን ሌላ ጉድ መጣ። ዓይናማው ሰው እንደ ልማዱ አንዴ ነክቶ ሊከፍት ሲሞክር ስልኩ እያነበበ እምቢ ይለዋል። እሷ ስትታገል፣ እናቷ ተቀብላ ስትታገል አመሹ፤ መዝጋትም አቃታቸው። በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም እኩል የሆንበት ምሽት ነበር፤ ቡና ደግሜ ጠጣሁ።

የአማርኛ ድምፅ አስገባንለት፤ ኢስፒክ የሚባል፣ በነፃ የሚገኝ። ያነባል። አነባበቡ ግን ጣሳ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማይጽፍ ማሽኑም አይለይም፤ የልጄን የመልካም ገና መልእክት ሲያነብልኝ በዓሉ ደርሷል እያለኝ ይሁን ገና ነው እያለኝ ሳይገባኝ ቀረ። ይህን ማስተካከል የሚችል የተማረ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት አልችልም፤ ብዙዎቹን ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ።

ለእኔ የሚሆነኝ ባለ ቁልፉ ስልክ ነው። አምስት ቁጥር ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ከእሷ ተነሥቶ ወደ ላይ ሁለት፣ ወደ ታች ስምንት፣ ወደ ግራ አራት፣ ወደ ቀኝ ስድስት። አንዲት ጉብታ! የስልክ ፋብሪካ ለዓይነ ስውር ያደረገው ትልቁ ቁም ነገር የጤፍ ፍሬ አታህልም፤ እሷንም ከመስታወቱ ላይ አነሷት። ካርድ መሙላት ብቻ ነው ችግሩ። ካርዱን እፍቃለሁ፤ ቁጥሩን የሚያነብልኝ ግን ልጅ ያስፈልጋል፤ ልጅ ደግሞ ዛሬ ያለ ከረሜላ አያነብም።

እናም ወደ አሮጌው ናሽናል ሬድዮዬ ልመለስ። አጭር ሞገድ ይይዛል። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው፤ ተራራ ሲያጋጥመው እዚያው ይቀራል፤ ጮቄን ዞሮ እኔ ዘንድ አይመጣም። አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ነጥሮ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ሲመሽ ከባሕር ማዶ ያለውን ሰው ከጎረቤት አጥርቶ የሚያሰማኝ። የጀርመን ድምፅ ከመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ይናገራል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። በጣቢያው ማስተካከያ ላይ የእሱን ቦታ በጧፍ ሰም ምልክት አድርጌበታለሁ። ሁለተኛዋ የሰም ጠብታ የአሜሪካ ድምፅ ናት፤ የእሱ ሰዓት ከምሽቱ 3 ነበር። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የዚያ ቤት ሠራተኞች ከሥራ እንዲርቁ ታዘዘና የለመድሁት ሰዓት ላይ ሹሹታ ብቻ ሆነ። ሰሟን ግን አልፋቅኋትም።

ልጆቹ «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ሹሹታ ከሚሰሙ በስልክ ጥርት ብሎ ይሰማል እኮ» ይሉኛል። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቀር ጥርት ያለው ሁሉ ድምጥማጡ ጠፋ። ያኔ መስታወታቸውን ኪሳቸው ከተው ማታ ማታ ደጄ ላይ የተኮለኮሉት እነዚሁ ልጆች ናቸው። «መምህር፣ ዜናው ደረሰ?» ይላሉ። አስገባኋቸው፤ ግን በነፃ አይደለም፤ የባትሪ ድንጋይ የሚገዙት በተራ ነበር። ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣትና በጥርስ ነከስ ማድረግ ሕይወቱን ጥቂት እንደሚያራዝምለት ያኔ ነው የተማሩት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰም ነበረበት።

ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የማራኬሽን ስምምነት ተቀብላለች፤ መጽሐፍን ለዓይነ ስውራን በሚሆን መልክ፣ በድምፅም ሆነ በብሬል፣ የደራሲ ፈቃድ ሳይጠየቅ ማዘጋጀት የሚፈቅድ ውል ነው። ወረቀቱ ስለመፈረሙ በሬድዮ ሰምቻለሁ። መጽሐፉ ግን ጮቄ ሥር አልደረሰም። ስለዚህ የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ጥሩ አንባቢ ፈልጋችሁ አስነብቡ፣ በሬድዮ ልቀቁልን፤ ለወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሊንክ መጫን አላስፈለገንም ነበር። የስልኩን አማርኛ የምትሠሩ ልጆችም ማጥበቅና ማላላቱን አስተምሩት። ነጋዴዎች ሆይ፣ አጭር ሞገድ የሚይዝና የሚዞር መዘውር ያለው ሬድዮ አስመጡ፤ ገዢ ካጣችሁ እኔ አለሁ፣ የንስሐ አባቴም ይገዛሉ።

ከተማም ባሕር ማዶም ያላችሁ ልጆች፣ ለአባት ለእናታችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ቁሙና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ዕቃውን አብሩት፣ ድምፁን ጨምሩት፣ ጣቢያ ቀይሩበት፣ አጥፉት። ይህን ያለ ሰው እርዳታ ከቻላችሁ ግዙት፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ካልቻላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ኑ። ድንጋይ ስትገዙም ትልቁን ይሁን።